የቁም ተዝካር

በ2005 ዓ.ም. በወርኃ ጥር፣ ከጥምቀት ማግሥት፣ ጥቂት ባዶ ጆንያዎችና አንድ ጥቅል ገመድ ይዤ ወደ እናቴ ቤት ወጣሁ። አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናቴ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን ብቻዋን ስለ ቀረች፣ ደብረ ብርሃን ከምትኖረው ታላቅ እኅቴ ዘንድ እንድትገባ ከቤተ ዘመድ ጋር መክረን ወስነናል። እኔም በመምህርነት ዘመኔ የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት በየዓመቱ ስቆጥርና ያረጀውን ሳስወግድ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ የአንዲት አሮጊት ቤት በሦስት ቀን ተጣርቶ ያልቃል ብዬ የመመለሻዬን ቀን ሳይቀር በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። ሥራው አምስት ዓመት ፈጀ።

የመንዝን ደጋ ለማያውቅ አንባቢ ስለ ቤቱ ጥቂት ልበል። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ካብ ሲሆን፣ ብርዱ እንዳይገባ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱም ከቀዳዳ የማይሻል ነው። ጣሪያው በልጅነቴ የጓሳ ሣር ነበር። ይህ ሣር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ ከሚገኘው የጓሳ ምድር እየታጨደ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ከዝናብም ለሚያስጥለው ገሳ ይውላል። አጨዳውም እንደ ልብ አልነበረም፤ ትውልዳቸውን ከአቅኚ አባቶች የሚቆጥሩት ባለ መብቶች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩትና በደረሰ ጊዜ ብቻ ይከፍቱት ነበር። ያ የጥንት ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቀርም፣ ጓሳው በአካባቢው ሕዝብ ጥበቃ ሥር ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። የእኛ ቤት እንኳ ቆርቆሮ ከለበሰ ቆይቷል።

ከውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም። መደቡ፣ ከግድግዳው ጋር የተገነባው ወፍጮ፣ ጋኑና እንስራው፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስልቻና አቅማዳ፣ የተሰነጠቀ ገበቴ፣ አፉ የተሸረፈ ቅል፣ እጀታ የሌለው ማጭድ፣ ክር የሌለው እንዝርት። በዚያ አገር ውርጭ የአንድን ቤተሰብ ገብስ በአንድ ሌሊት ያቃጥላል፤ የበልጉም ዝናብ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ስለዚህ የተሰበረ ነገር ሁሉ «ለአንድ ቀን ይሆናል» ተብሎ ይቀመጣል። ያ አንድ ቀን ደግሞ በእናቴ ዕድሜ ውስጥ ከአንዴም ሁለቴ መጥቶ ያውቃል።

በመጀመሪያው ቀን ዕቃውን በሦስት ክምር ለየሁት፤ የሚወሰድ፣ የሚሸጥ፣ የሚጣል። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ እየፈተለች ታየኛለች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። በማግሥቱ ስነሣ ክምሮቹ የሉም። ቅሉ ከነሽራፊው ወደ ማንጠልጠያው፣ ገበቴው ወደ ጥጉ ተመልሷል። ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ ብርሃን ስትመልስ አድራለች ማለት ነው። ስቆጣ እንዲህ አለችኝ፤

«ልጄ፣ ለማን እንደሚሆን ሳታውቅ ዕቃ ከቤት ታወጣለህ? ሬሳ እንኳ ከቤት የሚወጣው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ነው።»

በአገራችን የቁም ተዝካር የሚባል ልማድ እንዳለ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሽማግሌ፣ ከሞተ በኋላ ሊደረግለት የሚገባውን ድግስ በሕይወት ሳለ ደግሶ፣ ድኃውን አብልቶ፣ ካህኑን አስጸልዮ፣ እራሱ ከበላተኛው ጋር ተቀምጦ ያየዋል። እናቴ ልጆች አሏት፤ ደጎችም ነን ብዬ አስባለሁ። ቢሆንም ያን ቀን ሳቅ ብላ «እንግዲያው የዕቃዬን የቁም ተዝካር እኔው ላውጣ» አለች። እኔም ባዶዎቹን ጆንያዎች ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጥር ላይ እየወጣሁ ያየሁትን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ሞሰቡና ሰፌዱ፣ ጋኑና እንስራው ለጎረቤትና ለማኅበርተኛ እየሆነ በየተራ ወጣ። ጥቂቱን ብቻ ልንገር።

አስቀድሞ የወጣው የአባቴ የእርሻ ዕቃ ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት በዚያ ደጋ ጥሩ ቀንበርና ሞፈር ገንዘብ ያወጣልና እኔ ገዥ አፈላልጌ ነበር። እናቴ ግን መሬቷን በእኩል ያርስላት ለነበረው ጎልማሳ ሰጠችው። አሰጣጡም እንዲያው አልነበረም፤ ሰውየው ከነሚስቱ ቡና ተጠርቶ፣ ሞፈሩ ከየት ተቆርጦ እንደ መጣ፣ ድግሩ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ፣ ቀንበሩ የትኛውን በሬ ጫንቃ ያቆስል እንደ ነበር ሁሉ ተነገረው። ማረሻውን ብቻ አስቀረች። ብረቱ ተስሎ ተስሎ መዳፍ ቢያክል ነው። ምን እንደምታደርገው ብጠይቃት አልመለሰችልኝም፤ በ2007 ዓ.ም. ስመጣ ለቀጥቃጭ ሰጥታ ማጭድ አሠርታበት ለአንዲት ጎረቤቷ ሰጥታ አገኘኋት።

በወፍጮው ጉዳይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሞተር ወፍጮ ወደ አካባቢው ከመጣ ጀምሮ ማንም አልፈጨበትም። እኔ ግን እንደ መምህርነቴ «ይህ ቅርስ ነው፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለሙዚየም ሰጥተን ትውልድ ይየው» የሚል ንግግር አደረግሁ። በዚያ ቤት ስለ አንዳች ዕቃ ረጅም ንግግር ያደረግሁት ስለ ወፍጮው ብቻ መሆኑን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። እናቴ አዳምጣኝ ስታበቃ ነጠላዋን አስተካክላ፣

«ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቼ የተንበረከክሁበት እኔ ነኝ። አንተ ተኝተህ ድምፁን ነው የምታውቀው። ቅርስ ከፈለግህ ጉልበቴን ውሰድ» አለች።

ከዕቃዋ ሁሉ ለተቀባዩ ሳትጨነቅ ያስወጣችው እርሱን ብቻ ነው። ሁለት ጎረምሶች ነቅለው ግቢው ውስጥ ጣሉት፤ ጎድጓዳው ዝናብ እየያዘ ዶሮዎች ይጠጡበት ጀመር።

አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። ደጋግሜ ተማሪዎች ይዤ ገብቼበታለሁ። የሕዝቦቻችን መገልገያ ዕቃዎች እዚያ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ ግሩም አደራደር ነው። ከእናቴ ንግግር በኋላ ስገባ ግን ዓይኔ ከዕቃው ይልቅ ዕቃውን ይዞ የነበረውን እጅ ይፈልግ ጀመር። እንዲህ ያለውን ነገር በትንሽ ካርድ ላይ መጻፍ አስቸጋሪ መሆኑን እረዳለሁ። ነገር ግን ስለ ባህል የምንጽፍና የምንሥል ሰዎች፣ የትኛው ዕቃ ተወዶ፣ የትኛው ተጠልቶ እንደ ኖረ ባለቤቶቹን ሳንጠይቅ ሁሉንም በአንድ ውዳሴ ስናወድስ ኖረናል የሚል ጥርጣሬ አድሮብኛል።

ባናውን ትወደው ነበር። የመንዝ በግ ፀጉሩ ሻካራ ነው፤ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፣ እንዲያ የተሠራው ባና እጅግ ከባድ ከመሆኑ የተነሣ ለብሶ የተኛ ሰው መገላበጥ ይቸግረዋል። ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ ቀለል ያለው ልብስ በየቤቱ ገብቷል፤ እናቴ ግን «እርሱ ይሸፍናል እንጂ አያሞቅም» ትላለች። ሁለት ባና ነበራት። አንዱን በ2008 ዓ.ም. ለአንዲት አራስ ሰጠችው። ሁለተኛውን «ይህ ከእኔ ጋር ይወርዳል» አለች፤ ማንም አልተከራከራትም።

የቀረው ጎታው ነበር። በጭቃና በጭድ የታነፀ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ በቤቱ ውስጥ ስለ ተሠራም በበሩ የማይወጣ ጎታ ነው። ከዓመታት በፊት ባዶ ሆኗል፤ ሆኖም እናቴ በየዓመቱ የታችኛውን አፉን በአዲስ ጭቃ ትመርገዋለች። ምክንያቱን አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ከወሎና ከትግራይ አልፎ የሰሜን ሸዋን ደጋ፣ መንዝንና ግሼንም በነካ ጊዜ፣ እኔ ሩቅ አገር አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ በዚያ ክረምት የጎታውን ወለል በላባ ጠርጋ ያገኘችውን ቆልታ ለልጆች ሰጥታለች። ጠርጋ እንደ ጨረሰች ግን አፉን መልሳ መረገችው፤ የገባ ጎረቤት ሁሉ የተመረገ ጎታ አይቶ «እዚህ ቤትስ እህል አለ» ብሎ ይውጣ እንጂ ገመናዋን እንዳያይ። ስለዚህ ባዶውን ጎታ የምትጠብቀው ከዚያ ፍርሃት የተነሣ ነው ብዬ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ሳስረዳ ኖርኩ።

በጥር 2010 ዓ.ም. «አሁን ይፍረስ» አለች። መዶሻ ይዤ ስቀርብ ግን አስቆመችኝ። እራሷ ተንበርክካ ምርጉን በጣቷ ፈልፍላ፣ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ፣ በፍየል ቆዳ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የርስት ክርክር ወረቀት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር ግድ ሆኗል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከዘመቱት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የካቲት 25 ቀን በታወጀ ጊዜ በደቡብ ነበርኩ፤ ከገበሬው ጋር ጨፍሬያለሁ፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። በመንዝ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ርስት በአባትም በእናትም ትውልድ እየተቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ስለሚደርስ፣ ክርክሩ በወንድማማች መካከል ነበር፤ ሰውም ዕድሜውንና ጥሪቱን በፍርድ ቤት ደጅ ይጨርስበታል። በ1968 ዓ.ም. ወደ ቤት ስመለስ የአባቴን የክርክር ወረቀቶች አይቼ «ይህ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም፤ ያቃጥሉት» አልኳቸው። በሕግ ረገድ ትክክል ነበርኩ። አባቴ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ጥቅሉን እንዳለ ምድጃው ውስጥ ከተቱት። እኔም በዚያ ምሽት የሠራሁትን ሥራ ለጓደኞቼ በደብዳቤ መጻፌን አስታውሳለሁ።

«ይህ ከየት ተረፈ?» አልኳት።

«አባትህ ያቃጠሉት የእርሳቸውን ወገን ነው። ይህ የእናቴ ነው» አለች።

ዐርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አውጥታ አታውቅም። የምትፈራው ረኃቡን መስሎኝ ስኖር፣ ከጎታው ውስጥ ስትጠብቅ የኖረችው ከእኔ ኖሯል። ምን ላድርገው ብላት «ጎታውን አፍርሰህ ስታበቃ ትወስደዋለህ፤ ያንተ ተራ ነው» አለችኝ፤ እኔም አፈረስኩት።

እናቴ ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ በ2012 ዓ.ም. አረፈች። ከአልጋዋ አጠገብ ባናው፣ አንድ በርጩማና አንድ ዋንጫ ብቻ ነበሩ። በብዙ የሐዘን ቤት ውስጥ ከሠልስት በኋላ ስለ ዕቃ የሚነሣውን ጉርምርምታ ሰምቻለሁ፤ በእኛ ዘንድ የሚያጉረመርሙበት ነገር አልተገኘም።

አሁን አዲስ አበባ፣ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል ውስጥ እኖራለሁ። የዐሥርታት የተማሪ ደብተር፣ የጋዜጣ ቅዳጅ፣ ያልታተሙ ጽሑፎቼ አልጋዬን ከበውታል። በውጭ አገር የምትኖረው ልጄ በስልክ ትመክረኛለች። ስለ ፍየል ቆዳው ጥቅል ስነግራት «አባዬ፣ ፎቶ አንሣውና ጣለው» አለችኝ። ድምፁ የራሴ ድምፅ መሰለኝ። አልተቆጣኋትም። ባለፈው እሑድ ጥቅሉን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፤ በሥሩ የአያቴ የጣት አሻራ አለ። አያቴን አላውቃትም፤ ፎቶግራፍም የላትም። ከጥያቄዋ በላይ ግን ትውልዷ እስከ አቅኚው አባት ድረስ በተራ ተቆጥሮ ተጽፏል፤ እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች እያለ።

ፎቶውን ከማንሣቴ በፊት ስሞቹን በስልክ አነበብሁላት፤ እርሷም በዚያ ማዶ ሆና ትጽፍ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ «ይህ ስም የወንድ ነው የሴት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የሴት ነው» አልኳት። «ቀጥዪ፤ ገና አላለቀም።»