የደበቅኩት ወረቀት

ላስ ቬጋስ ውስጥ ጋራዥ የነበረው አንድ ወንድማችን «የሰው መኪና ገደለ» ተብሎ ስሙ ጠፍቷል። መኪናዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። እሱ እጁ የለበትም። ይህን ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ለነፍስ አባቴ የተናዘዝኩት ቀደም ብሎ ነው፤ የሰው ስም ያጠፋሁት ግን በሰው ፊት ስለሆነ በሰው ፊት መናገር አለብኝ።

ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ የ2008 ኤስ 550 መርሴዲስ ነበረቻቸው። ጥቁር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ በሞላ ፈንታ በአየር የምትንሳፈፍ። በሠርግ ወቅት ለሙሽሮች ያለ ክፍያ ይሰጧት ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ጁን ላይ እናታቸው ከደብረ ብርሃን ሊመጡ ሆነ፤ የሰባ ስምንት ዓመት እናት፣ የመጀመሪያ ጉዟቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያን ጊዜ በደብሊን አድርጎ ሎስ አንጀለስ ይበር ስለነበር እማማ የሚያርፉት እዚያ ነው። ጋሼን የሥራ ፈረቃቸው አልለቀቃቸውም። ቁልፉንና አራት መቶ ዶላር ሰጡኝ። «ለሙቀቱ አዘጋጃት፤ እናቴን ነው የምታመጣልኝ» አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድማችን ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ከራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ሁለት ጠብታ ወሰደና በመለኪያው ወደ ብርሃን ይዞ አየ፤ ለእኔም አሳየኝ። «ይሄ ኩላንት አይደለም፣ ውሃ ሆኗል» አለኝ። በባትሪ መብራት የፕላስቲኩን መጋጠሚያ ሲያሳየኝ እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ፤ ዳር ዳሩ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ነበር። ክዳኑን በጣቱ ተጭኖ «ይሄም ጉልበቱ አልቋል» አለ። ቸኩሎ አይናገርም። ንጹህ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ፣ ከኩላንት ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ክዳኑ ግፊቱን ከያዘለት ግን እስከ 130 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንደሚቆይ አስረዳኝ። ግፊቱ በስንጥቁ ካመለጠ ያ ሁሉ ትርፍ አብሮ ያመልጣል። ቬጋስ ላይ ባትሪን የሚገድለው ከብርድ ይልቅ ሙቀት እንደሆነም ነገረኝ። የኋላ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አስነበበኝ፤ 1811፣ የ2011 ዓመት አሥራ ስምንተኛ ሳምንት። ሁሉንም በአማርኛ በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ማጠራቀሚያው፣ ክዳኑና ኩላንቱ ከነእጅ ዋጋው ከተሰጠኝ ብር አያልፍም ነበር። «እመለሳለሁ» ብዬው ወጣሁ። አልተመለስኩም።

ብሩን የት አደረስኩት? መኪናዋን አሳጠብኩ፣ ሰም አስቀባሁ፣ የወንበሩን ቆዳ በቅባት አሳሸሁ፣ መስታወቱን በሙቀት መከላከያ ፕላስቲክ አስለበስኩ፣ ጎማዎቹን አስጠቆርኩ። እማማ ከአውሮፕላን ወርደው ልጃቸው የደረሰበትን በመኪናው ላይ እንዲያዩ ፈልጌ ነበር። መስታወትና ቆዳ መጠበቅ ከንቱ ነገር አይደለም። በ2018 ይፋ የሆነ የአሪዞና ጥናት ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ገደማ ደርሶ አግኝቷል፤ እዚያ አገር መጋረጃ የሌለው መኪና ቆዳው ይሰነጠቃል። የእኔ ጥፋት ሰው የሚያየውን ሠርቼ፣ ሰው የማያየውን ተውኩና «ሁሉንም ሠርቻለሁ፣ መካኒኩም አይቷታል» ብዬ ለጋሼ መንገሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ «ኩላንት ጨምር» የሚል ማስጠንቀቂያ በራ። ሁለቱንም ጊዜ ከግቢው ጎማ የቧንቧ ውሃ ሞላሁ። አዲስ አበባ የሚኒባስ ረዳት ሆኜ ነው ያደግኩት፤ ሞተር ሲሞቅ በሃይላንድ ውሃ ማጠጣት ለእኔ ሙያ ነበር። አዲስ አበባ ግን አየሩ ራሱ ያግዝሃል። ቬጋስ የሚጠጣው የሜድ ሐይቅ ውሃ ደግሞ በማዕድን የከበደ ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ በየወሩ በኮምጣጤ እፍቀው ነበር። ያንኑ ውሃ ሞተር ውስጥ ስጨምር አንድ ጊዜ እንኳ ማንቆርቆሪያዬን አላሰብኩም።

እማማን ተቀብዬ በጠዋት መንገድ ጀመርን። ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበስ እያደረጉ ልጃቸውን ይመርቃሉ። ቤከር የምትባለው የበረሃ ከተማ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። እዚያ 41 ሜትር የሚረዝም የሙቀት መለኪያ ቆሟል፤ በ1913 በሞት ሸለቆ የተመዘገበውን 56.7 ዲግሪ እንዲያስታውስ የተሠራ ነው። የዚያን ቀን 46 ይል ነበር። ከቤከር በኋላ መንገዱ ከ300 ሜትር በታች ተነስቶ ከ1,200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዳገቱ ሳይጀመር ሞተር እንዳይሞቅ ኤሲ አጥፉ የሚል ምልክት አለ። አነበብኩት። በመስታወት እማማን አየሁ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ማጥፋት አልቻልኩም። ኤሲው ከመኪናው ውስጥ የሚያወጣውን ሙቀት የሚተፋው ራዲያተሩ ፊት ነው፤ ያ የታመመ ራዲያተር ያንንም ተሸከመ።

ከዳገቱ ግማሽ በላይ ሄደን ማስጠንቀቂያው በቀይ በራ። ወዲያው ብቆም ኖሮ ሞተሩ ይተርፍ ነበር። ጫፍ ላይ እደርሳለሁ ብዬ ነዳሁ። ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጣ፣ ሞተሩ አንኳኳ፣ ጠፋ።

ጥላ የለም። እማማን አውርጄ በመኪናዋ ጎን፣ ክንድ በማይሞላ ጥላ ውስጥ፣ ጋቢያቸውን አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። መሬቱ በጫማ ያቃጥላል። የያዝነው ሁለት ሊትር ውሃ ነው። እማማ ነጠላቸውን አውልቀው ራሴ ላይ ጣሉብኝ። «ፀሐይ አናትህን ይመታሃል ልጄ፣ እኔ ጥላ ውስጥ ነኝ» አሉኝ።

ነጠላቸውን ራሴ ላይ እንዳደረግኩ በሩን ከፍቼ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈትኩና የመካኒኩን ወረቀት አወጣሁ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። «የምን ወረቀት ነው?» አሉኝ። «ደረሰኝ ነው እማማ» አልኳቸው። የቀረውን ስሕተት ባለማወቅና በቸልታ ላመካኘው እችል ይሆናል፤ ይህን ግን አስቤበት ነው ያደረግኩት። ጎታች መኪና ገና አልመጣም፣ እማማ ገና ደህና መሆናቸውን አላወቅኩም፣ እኔ ማስረጃ እደብቅ ነበር።

እርዳታ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እማማ ያስመልሳቸው ጀመር፤ ሆስፒታል ገብተው ግሉኮስ ተሰክቶላቸው አደሩ። ልጃቸውን ከስንት ዓመት በኋላ ያቀፉት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ነው። መኪናዋ ቴስታታዋ ተጣሞ፣ የጥገናው ዋጋ ከእሷ ዋጋ በልጦ፣ በርካሽ ተሸጠች።

ጋሼ «ጋራዥ ገብታለች ብለኸኝ አልነበር?» ሲሉኝ «አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው አይቶ ደህና ናት ያለኝ» አልኩ። ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ምግብ ቤቱ፣ ከምግብ ቤቱ ወደ ታክሲ ሰልፉ ሄደ። ወንድማችን አንድ ቀን ብቻ ደወለልኝ። «ወረቀቱን እንኳ አሳያቸው» አለኝ። «ጠፍቷል» አልኩት። በዓመቱ ጋራዡን ዘግቶ ወደ ፊኒክስ ሄደ፤ አሁን የጭነት መኪና ይነዳል።

እማማ አገራቸው ተመልሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። የተዝካራቸው ቀን ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው «የመኪናው ይቅር። እኔ ያን ልጅ በሰው ፊት ሰድቤዋለሁ፤ አሁን እኔ ምን ብዬ ልየው?» አሉኝ። የኔ ውሸት እሳቸውንም በዳይ አድርጓቸዋል።

ከዚያ ፊኒክስ ሄድኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዘኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አላነበበውም፤ መለሰልኝ። «እኔ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ። ለነገርካቸው ሰዎች አንብብላቸው» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እንዲህ ይላል፦

«የውሃ ማጠራቀሚያው ተሰንጥቋል፣ ይቀየር። ክዳኑ አይዝም፣ ይቀየር፤ ውስጡ ታጥቦ ትክክለኛው ኩላንት ይሞላ። ባትሪው ደክሟል። የኋላ ጎማዎች አርጅተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይሠሩ ከከተማ እንዳትወጣ፤ በተለይ ሰው ጭነህ።»

ከታች ቀኑና ፊርማው አለ።