ጥይት መቁጠር

በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቢዴል ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ፣ በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። በሳምንት ሦስት ምሽት ባዶ ሽጉጥ ይዤ ከፊቷ እቆማለሁ። ጥይቱ በሌላ ክፍል ተቆልፎበታል። የጥይት መያዣውን አውጥቼ፣ ሽጉጡ አለመጉረሱን በዐይኔም በጣቴም አረጋግጬ፣ አነጣጥሬ ቃታውን እስባለሁ። የሚሰማው «ቀጭ» የምትል ድምፅ ብቻ ናት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሽጉጡ ወደ ካዝናው ይመለሳል።

ይህን የጀመርሁት ከብልህነት ሳይሆን ከገንዘብ እጥረት ነው። መጀመሪያ ላይ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ተከራይቼ በግማሽ ሰዓት 100 ጥይት አርከፍክፌ እወጣ ነበር። የአንዱ ጥይት ዋጋ ከ40 ሳንቲም በላይ ስለነበር፣ ከኪራዩ ጋር ተደምሮ የቅዳሜዎቼ ወጪ በየወሩ ወደ አገር ቤት ከምንልከው ገንዘብ ጋር ይፎካከር ጀመር። የከፋው ግን ምንም አለመማሬ ነበር። አንድ ቀን አብሮኝ የሚተኩስ አዛውንት፣ እኔ ሳላይ ከጥይቶቼ መካከል ባሩድ የሌለበት የልምምድ ጥይት ቀላቀለብኝ። ተራው ሲደርስ ሽጉጡ አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ተደፋ። እጄ ድምፁን ቀድሞ ይደነግጥ ነበር። መቶውን ጥይት ሁሉ ስተኩስ የኖርሁት ድንጋጤዬን እየተለማመድሁ ነበር ማለት ነው።

ድንጋጤን ደግሞ ብዙ ጥይት አይፈውሰውም። ፈውሱ ባዶው ሽጉጥ ነው። ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ባለ 10 ሳንቲም ሳንቲም አስቀምጬ ቃታውን እስባለሁ፤ ሳንቲሟ ከወደቀች ጣቴ ቃታውን የሳበው በእርጋታ ሳይሆን በንጠቃ ነው። የእኔ ሽጉጥ ባለ 22 ካሊበር በመሆኑ መምቻው ባዶውን ደጋግሞ ሲመታ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በጥይቱ ቦታ ለግድግዳ ብሎን ማሰሪያ የሚሸጠውን ቢጫ ፕላስቲክ አስገባለሁ። በወር አንድ ጊዜ 50 ጥይት ብቻ ይዤ ወደ መተኮሻው እሄዳለሁ፤ አምስት አምስት እየተኮስሁ፣ በተለይ የመጀመሪያዋ ጥይት የት እንዳረፈች በደብተር እጽፋለሁ።

ቆጥቦ መተኮስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በኢትዮጵያ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ያለ ዒላማ የተኮሰ ሰው ያባከነው ገንዘብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመንም ከጠላት የሚማረክ ጥይት ለአርበኞች አንዱ ዋና ምንጭ ስለነበር፣ እያንዳንዷ ጥይት የተከፈለባት ዋጋ ይታወቅ ነበር። የጠመንጃ ባህላችን ሲነሣ ፉከራውና ቀረርቶው ይታወሰናል፤ ቁጥባው ግን ተረስቷል።

ባለቤቴ የወልድያ ልጅ ናት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ፣ ለሳምንታት የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ ከርማለች። እስከ ዛሬ በካናዳ ቀን ርችት ሲተኮስ መስኮት ትዘጋለች። «ምን ልታደርግበት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምሰጣት መልስ ሁሉ ከጥያቄዋ ያንሳል። ራሴን ልከላከልበት ነው ብዬ አላውቅም፤ የካናዳ ሕግም ለእንደኔ ዓይነቱ ተራ ሰው የሚያውቀው ምክንያት ዒላማ መተኮስን ወይም ስብስብ መያዝን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እጄ መደንገጡን እንዲተው እፈልጋለሁ። እርሷም ይህን ሳትረዳ አልቀረችም።

ጥያቄው ከባድ የሆነው ልጃችን 19 ዓመት ሞልቷት መማር እንደምትፈልግ ስትነግረን ነው። ካናዳ ሽጉጥን ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትመዘግብ ኖራለች። ከኦክቶበር 21 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ግለሰቦች ሽጉጥ መግዛት፣ መሸጥም ሆነ ማስተላለፍ ታግደዋል፤ በዲሴምበር 2023 የጸደቀው ሕግ ሲ-21 እገዳውን አጽንቶታል። በኦሎምፒክና በፓራሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር ዘርፎች የሚሠለጥኑና የሚያሠለጥኑ ሰዎችን ጨምሮ ለጥቂቶች ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ ልጄ ሥልጠናውን ሁሉ ብታልፍም ሽጉጤን ልትወርስ አትችልም።

የእገዳውን ዓላማ አልቃወምም፤ ባለቤቴ ያየችውን ያየ ሰው በከተማ ውስጥ ሽጉጥ እንዲበዛ አይመኝም። ይሁን እንጂ እገዳው ሰዎችን የለየው በጠባያቸው ሳይሆን በቀን ነው። ቀድሞ የገዛ ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲህ ለመጣ አዲስ ስደተኛ ግን፣ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ በሩ ዝግ ነው። ሕግ የሚቆጥረው መሣሪያን ነው። በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲነሣ ክርክራችን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ያተኩራል። የያዘው ሰው መሣሪያውን እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ ጣቱን ከቃታው መቼ እንደሚያነሣ፣ ከማን እንደተማረ አዘውትረን አንጠይቅም።

በቤታችን የተገኘው ስምምነት የአየር ሽጉጥ ነው። የተኩስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ152.4 ሜትር የማይበልጥ የአየር ሽጉጥ ፈቃድ አይጠይቅም። በ10 ሜትር ርቀት 4.5 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ እርሳስ ትተኩሳለህ፤ የአሥሩ ነጥብ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በኦሎምፒክ ደንብ 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ይተኮሳል። አምስት መቶ እርሳስ የያዘች ቆርቆሮ ከአንድ ሰው ምሳ ብዙም አትወደድም። እርሳሷ ከአፈሙዙ እስክትወጣ ጊዜ ስለምትወስድ፣ ከተኮሱ በኋላም እጅን ማጽናት ግድ ነው፤ ስለዚህ ርካሹ መሣሪያ ከውዱ ይልቅ ጥብቅ መምህር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ልጄና እኔ ወደ ክበቡ የምንሄደው በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ነው። የራሷ ደብተር አላት። ባለቤቴ እስካሁን አብራን አልመጣችም፤ እኔም አልጎተጎትኋትም። ከክበቡ ስንመለስ ግን በር ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀናለች፦ «ቆጥራችሁ መለሳችሁ?»