የመመለሻ ሰዓት

ቦኬ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

እናትሽ ማሽላው ሳይገባ ዝናብ እንዳይመታው እየሰጋች ሰማይ ሰማይ ታያለች። እኔም ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ግን በስልክ ስመክርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትዪና ኔትወርኩ ይቋረጣል። ኔትወርኩ ነው ብዬ አምኛለሁ። ይህን ወረቀት ግን ነገ ወደ ጭሮ በሚወጣው መኪና እልከዋለሁ።

ቅዳሜ ኅዳር 20 ከጓደኞችሽ ጋር ሙክታር ተራራ ልትወጪ መሆኑን የሰማሁት ከእናትሽ ነው። ለእኔ ያልነገርሽኝ እንዳልከለክልሽ ብለሽ ይሆናል። አልከለክልሽም። ለሥራ ባሌ፣ ዲንሾ ከመሄድሽ በፊት ያደግሽበትን አገር ተራራ አንዴ በእግርሽ ብታውቂው ደስ ይለኛል። ወሩንም አውቀሽበታል። ጭቃው ደርቋል፣ አደይ አበባው ረግፏል፣ የበጋው አቧራ ገና አልተነሳም። በዚህ ሰሞን ከጨርጨር ሸንተረር ላይ ቆሞ የሚታየው ርቀት ሁልጊዜ አይገኝም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የምትመለሱበትን ሰዓት ጠዋት፣ ገና ተራራው ሥር ሳላችሁ ቁረጡት። እኔ 8 ሰዓት እላለሁ። 8 ሰዓት ሲሆን ጫፉ የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢቀራችሁም ፊታችሁን አዙሩ።

«ሙክታር እኮ ትንሽ ነው» ትዪኝ ይሆናል። ትንሽ ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይመጣል። ለትልቅ ተራራ ሰው ይዘጋጃል። ለትንሹ ግን ረፋድ ላይ ተነስቶ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዞ፣ ገበያ እንደሚወጣ ሆኖ ይሄዳል። እኔም የሄድኩት እንደዚያ ነው። ይህን ታሪክ ነግሬሽ አላውቅም፤ እናትሽም የምታውቀው ግማሹን ነው።

1981 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። ጭሮ ያኔ አሰበ ተፈሪ ናት፣ እኔም ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን የደጋ አጋዘን ወሬ ተነሳ፤ ኒያላ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሌለው። ከኪሴ 10 ሳንቲም አወጣሁና በአንበሳው ጀርባ ያለውን ቀንዳም እያሳየሁ «ይኼ እንስሳ እኮ ሙክታር ላይ አለ። ቅዳሜ ሄጄ አይቼው እመጣለሁ» አልኩ። ሂድ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ባልደረቦቼ ተከተሉኝ፤ አንዱ የሒሳብ፣ አንዱ የስፖርት መምህር።

በገለምሶ መንገድ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። መኪናው በየገበያው እየቆመ ተራራው ሥር ሲያደርሰን 5 ሰዓት አልፏል። የስፖርቱ መምህር ከፊት፣ እኔ ከመሀል፣ የሒሳቡ መምህር እያለከለከ ከኋላ። ማሽላው አለቀና ገብስ መጣ፤ ገብሱ አለቀና ጽድና ኮሶ መጣ፤ ከዚያ በላይ አስታ። ከፍታ ሲለወጥ ዕፅዋት እንደሚለወጥ በጠመኔ እየሣልኩ አስተምር ነበር፤ በእግሬ ስረግጠው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። የሒሳቡ መምህር «ትርፍ ትንፋሽ ካለህ ለእኔ አበድረኝ» አለኝ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ጫካው መሀል ገላጣ ሜዳ ደረስን። ኮቴ አለ፣ በጠጥ አለ፣ አጋዘን የለም። «እንመለስ» አለ የሒሳቡ መምህር። አጋዘን ግን ቀትሩን ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና ወደ ገላጣው የሚወጣው ማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ይህን አንብቤ ነበር። «ትንሽ እንጠብቅ» አልኩ። 9 ሰዓት ሆነ። 10 ሰዓት ሆነ። ያስቀመጠኝ የእንስሳ ፍቅር አልነበረም። ሰኞ መምህራን ክፍል ስገባ የሚጠብቀኝን ሳቅ ፈርቼ ነው። በመጨረሻ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን።

እስቲ አሁን ለአፍታ የጂኦግራፊ መምህሩን ስሚው። በዚህ ወር እኛ ዘንድ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ዘንበል ሳትል ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ ከገባች በኋላ የሚቀረው ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በተራራው ጥላ በኩል ለሚወርድ ሰው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይመሻል። ሙቀቱም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝ ደመና የለም፤ ውርጭ የሚወርደውም ለዚያ ነው። በቀትር ሹራብ ያስወለቀሽ ኅዳር ማታ ጥርስ ያፋጫል።

ጫካውን ሳንጨርስ ጨለመብን። የያዝነው አንድ ባትሪ ነው፣ እሱም ድንጋዩ ደክሟል። መንገዱን ሳትን፤ ቁልቁል ቁልቁል ስንል እርሻ ውስጥ ገባን። ቅጠሉን በእጄ ብዳስሰው ማሽላ አይደለም፣ ጫት ነው። ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ። በጋ ሲገባ የጫት ዋጋ ይወጣል፤ ባለቤቱም እዚያው ማሳው ዳር ያድራል። በጨለማ ጫት መሀል የተገኘ ሰው መምህር ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

ይህን እያሰብኩ የሒሳቡ መምህር ከአጠገቤ ጠፋ። ማሽላ ሊቀመጥበት የሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ገና ስላላለቀ ከወገብ አያልፍም ነበር፤ ያለቀ ቢሆን ይህን እየሳቅሁ አልጽፍልሽም። እሱ ጮኸ፣ ውሻው ጮኸ፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ወፍራም ድምፅ በኦሮምኛ «ማነው?» አለ፤ መልስ ሳንሰጥ የወንጭፍ ድንጋይ በራሳችን ላይ እያፏጨ አለፈ።

የእኔ ኦሮምኛ ያኔ የገበያ ኦሮምኛ ነበር። የማውቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጮኽኩ፤ ሰላምታውንም «ስንት ነው?»ንም። ዝም ተባለ። ከዚያ ከማሽላው መጠበቂያ ማማ ላይ ቀጭን ድምፅ «ቲቸር?» አለ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ወላጆቹ ዘንድ እየመጣ ማሽላ ይጠብቃል። በምን እንዳወቀኝ ስጠይቀው «ክፍልም ስትጮህብን እንደዚሁ ነው» አለኝ።

አባትየው ወንጭፉን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ቤት አስገቡን። እናትየው ከቡና ገለፈት የተፈላ፣ ወተትና ጨው የገባበት ሆጃ ሰጡን። የጓደኛችንን ቁርጭምጭሚት ቅቤ ቀብተው በጨርቅ አሰሩለት። ከብቶቹ ባሉበት ጣሪያ ሥር ስንሞቅ አደርን። ያንን ሌሊት ውጭ ብናድር ምን እንሆን እንደነበር የገባኝ ጠዋት ሣሩ ላይ የነጣውን ውርጭ ሳይ ነው። የገሠጸን ሰው የለም። አባትየው ግን ሊሸኙን ሲወጡ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ልጁ አስተረጎመው። «አጋዘን ለማየት ከመጣችሁ፣ ስትወጡ በደጄ ስታልፉ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» እሳቸው ጎህ ሲቀድ ከማሳቸው ዳር ያዩታል።

ስለዚህ ቅዳሜ ተራራው ሥር ስትደርሱ ጫማ ከማጥበቃችሁ በፊት ሰው ፈልጉ። የቀበሌውን ሰው አናግሩ፣ የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ያዙ፣ የድካሙንም ክፈሉት። ኦሮምኛሽ ከእኔ የተሻለ ነው፤ ሰላምታውን አታሳጥሪው፣ ስለ ከብቱም ስለ ማሽላውም ጠይቂ። ጓደኞችሽ ሳያስፈቅዱ የሰው ፎቶ እንዳያነሱ፣ የጫት ቅጠል ለጨዋታ ብለው እንዳይቀነጥሱ ንገሪያቸው። ውኃ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር፣ ሹራብ፣ ዳቦ። የስልክ መብራት ሳይሆን የእጅ ባትሪ ያዙ፤ ስልኩ ለመደወያ ይፈለጋል።

ላይ ስትደርሺ የምታዪውን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዝም ማለት አልችልም። የጨርጨር ሸንተረር የሁለት ወንዞች ድንበር ነው። በሰሜን በኩል የሚወርደው ውኃ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በደቡብ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው፤ እሱ ደግሞ ሶማሊያ ይሻገራል። አንድ ደመና የጣለው ዝናብ ነው፣ ሁለት ቦታ ይለያያል። ከዋቢ ማዶ ደግሞ ባሌ አለልሽ፣ የምትሄጂበት አገር። ለወፍ ቅርብ ነው። አንቺን ግን አውቶቡሱ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በዶዶላ አዙሮ ነው የሚያደርስሽ።

ስለ አጋዘኑ መጽሐፉ የሚለውን ከእኔ በላይ ተምረሽዋል። ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. ገድሎ ቆዳና ቀንዱን ወሰደ፣ በ1910 ላይዴከር ለሳይንስ መዘገበው፣ ስሙም በገዳዩ ስም ቀረ። እኚያ ያሳደሩን አባት ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ከእኛ ጉዞ ብዙም ሳይቆይ ኩኒና ሙክታር የአጋዘን መጠለያ ተብለው ተከለሉ፤ በመንግሥት ለውጡ ጊዜ ግን ጫካው ባለቤት አጣና መጥረቢያ ገባበት። ባሌ ይሻላል። የባሌ ተራሮች ፓርክ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ በ2016 መስከረም ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔ ባንክ ቤት እንድትገቢ ፈልጌ ነበር፤ እናትሽ ናት ያሸነፈችኝ። ደግ አደረገች።

አሁን እናትሽ የማታውቀውን ግማሽ ልንገርሽ። ሰኞ መምህራን ክፍል ስገባ ሁሉም ዞሮ አየኝ። «እህ፣ አየኸው?» አሉኝ። «አየሁት» አልኩ። ቀንዱን፣ አንገቱ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት፣ አካሄዱን ሁሉ ተረኩላቸው። የሒሳቡ መምህር እግሩን በጨርቅ አስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ የተማሪ ደብተር ማረም ቀጠለ። እስከ ተዛወረ ድረስ ያንን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም፤ ከእኔ ጋር ሻይ መጠጣቱን ግን ቀስ በቀስ ተወ። እናትሽ እስከ ዛሬ አጋዘኑን ያየሁ ይመስላታል። ይህን ክፍል አታንብቢላት፤ ራሴ እነግራታለሁ።

ዲንሾ የአንቺ ሥራ እንስሳ መቁጠር ነው። አንድ ቀን ያላየሽውን አይቻለሁ ብለሽ እንድትፈርሚ የሚፈልግ ሰው ይመጣ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅሽ ራስሽ ባዶ ወረቀት ይዞ መግባት ታፍሪ ይሆናል። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብለሽ ጻፊ። ሥራውን ጥለሽ እንድትመጪ የሚያደርግሽ ምን እንደሆነም ከአሁኑ ቁረጪ፤ ደመወዝ ሲዘገይ ነው? ጤናሽ ሲታወክ ነው? ውሸት ፈርሚ ሲሉሽ ነው? እዚያ ሆነሽ፣ ደክሞሽ፣ ሰው ምን ይለኛል እያልሽ የምትወስኚው እንደኔ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያደርስሻል። የመጣሽ ዕለት ለምን መጣሽ ብሎ የሚጠይቅሽ በዚህ ቤት የለም። አልጋሽ ባለበት አለ፤ ላዩ ላይ ለጊዜው ሽንኩርት ተሰጥቶበታል።

ፖስታው ውስጥ ያለችው 10 ሳንቲም ያኔ መምህራን ክፍል ያወጣኋት ናት። ዛሬ ምንም አትገዛም። አጋዘኑን ያየሽው ከሆነ እንደኔ አድርገሽ ሳይሆን እንዳየሽው ንገሪኝ።

እሑድ ኅዳር ጽዮን ነው፣ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ድምፅሽን መስማት ትፈልጋለች። ቅዳሜ እንደ ወረዳችሁ መጀመሪያ ለእሷ ደውዪ። 8 ሰዓትን አደራ።

አባትሽ