የእናት ደረት ወረፋ የለውም

እኔ የሰባት ወር ልጅ ነኝ። የተወለድሁት ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሌሊት ሌሊት አጥንት በሚሰብርበት መንደር ነው። እናቴ ታሪኩን ተናግራ አትጠግብም። ጎረቤታችን የነበሩት ሸማኔ የተባዘተ ጥጥ ይዘው መጡ፤ እርሷም በጥጡ ጠቅልላ ከጡቶቿ መካከል ሸጎጠችኝና እስከ ክርስትናዬ ቀን ድረስ፣ አርባ ቀን ሙሉ፣ ከዚያ አላወረደችኝም። «በጥጥ ያደገ» ማለት በብዙዎች ቤት ቀልድ ነው፤ በእኛ ቤት ግን የሕይወት ታሪክ ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ያነሣሁት ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሐምሌ ወር፣ ታናሽ እህቴ እንደ እኔው ቀኑ ያልደረሰ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ሲመዘን 1,400 ግራም ሆነ። ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሕፃን ሁሉ ዝቅተኛ ክብደት ያለው ይባላል፤ የእህቴ ልጅ ከዚያ ልክ ብዙ የራቀ ነበር። ወዲያው ወደ ማሞቂያ ክፍል ወሰዱት። ክፍሉ ሞልቶ ስለነበር ከሌላ ሕፃን ጋር በአንድ ማሞቂያ ሥር ተኛ። እህቴ በየሦስት ሰዓቱ ያለበችውን የጡት ወተት ይዛ ትገባለች፣ ሰጥታ ትወጣለች። ቀሪውን ሰዓት የምታሳልፈው በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር፤ ለእናት የተዘጋጀ አልጋ አልነበረምና።

በሁለተኛው ሌሊት እናቴ ነርሷን፣ «ልጄ፣ እባክሽ እናቱ ደረት ላይ አድርጊልን» ብላ ለመነቻት። «ማዘር፣ ደንቡ አይፈቅድም» አለቻት። በክፋት አልነበረም፤ ያን ሁሉ ሕፃን የምትጠብቀው ብቻዋን ነበረች። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ቀዘቀዘ፣ ወተቱንም መዋጥ ተወ። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ዐረፈ። ስም ገና አልወጣለትም ነበር።

ደረቷ ላይ ቢያድር ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ ልምል አልችልም። ዕድሉ ግን አልተሰጠውም።

ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ሥር በቂ ስብ የለውም። ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ ሲበርደው ያለችውን ጥቂት ስኳርና ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ሲደክም መጥባት ያቅተዋል፤ ሳይጠባ ደግሞ በሽታን የሚቋቋምበትን ኃይል ያጣል። ከዳይፐርና ከቆብ በቀር ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ቀና ብሎ ሲታቀፍና በላዩ ጋቢ ሲደረብበት ግን ሙቀቱንም ወተቱንም በአንድ ቦታ ያገኛል። ሐኪሞች ይህን የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው፤ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ ባነሳቸው ጊዜ ሕፃናቱን ለእናቶቻቸው ደረት አስረከቡ።

እኔን እጅግ ያስገረመኝ ግን የቦጎታው አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው ከ2,000 ግራም በታች የተወለዱ ሕፃናትን ጤናቸው ገና ሳይረጋጋ፣ በተወለዱበት ቀን፣ በእናቶቻቸው ደረት ላይ አድርገው አነጻጸሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ከመቶ 38 ሲሞቱ፣ ደረት ላይ ከነበሩት የሞቱት ከመቶ 22 ገደማ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ከዘመኑ የቀደመ ነበር። በዚያን ጊዜ ዓለም «መጀመሪያ ሕፃኑ ይረጋጋ» ይል ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2021 በአራት የአፍሪካ አገሮችና በሕንድ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ወዲያውኑ መጀመር ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ አሳየ፤ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ለወጠ። የእህቴን ልጅ የከለከለው «ደንብ» እንግዲህ የገዛ አገሩን ጥናት ያላነበበ ደንብ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ደረት ሳንባን አይተካም። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው ለከፍተኛ ሕክምና ከገቡ 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ በ28 ቀናት ውስጥ ሞተዋል፤ ዋናው ምክንያት ያልበሰለ ሳንባ፣ ቀጥሎም ኢንፌክሽን ነው። ኦክስጅንም፣ መድኃኒትም፣ የሠለጠነ ነርስም ያስፈልጋል። እናትን በር ላይ ማስቆም ግን ከእነዚህ አንዱንም አያመጣም።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ ቀንሰናል ብለን ደስ አለን፤ ደስታውም ይገባን ነበር። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ይህ ሞት በ2000 ከሺህ 166 ነበር፤ በ2019 ወደ 59 ወረደ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 33 ብቻ ነው የወረዱት። ከአምስት ዓመታቸው በፊት ከሚሞቱት ልጆቻችን ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ወር እንኳ ሳይሞላቸው የሚሄዱ ናቸው ማለት ነው። ክትባትና የጤና ኤክስቴንሽን ከዚያ የተረፉትን ታደጉልን፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ገና ባለቤት አላገኙም።

ለምን? አዲስ ሕንፃ ይመረቃል፤ ማሽን ሲገባ ሪባን ይቆረጣል። ለወላድ እናት የሚዘጋጅ አልጋ፣ አንድ ሳህን ምግብ፣ ተረኛ ነርስ ግን ለቴሌቪዥን አይመቹም። የካንጋሮ እንክብካቤ በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ውስጥ ተጽፏል፤ መመሪያው ግን አልጋ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ልጇን የምታቅፍ እናት የምትተኛበትና የምትበላው ያስፈልጋታል፤ እቤት ያሉትን ልጆች የሚጠብቅላትም ሰው እንዲሁ። የዚህ ወጪ ከማሽን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ለመንግሥት የሚከብድ አይደለም።

እናቴ አሁንም የእህቴን ልጅ ስታስብ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጥጥ እንኳ አላገኘም።» ለእርሷ የምሰጠው መልስ የለኝም። ጥያቄው ግን ለእኔ ብቻ የቀረበ አይመስለኝም።

ቸር ይግጠመን።