አንድ የጾም ቀን በሮማ ከተማ

ባለፈው ዐቢይ ጾም፥ በዕለተ ረቡዕ፥ ከእናቴ ጋራ የሮማን ከተማ ለማየት ወጣን። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ፥ ከምግብ ቤቶቹ የሚመጣው መዓዛ አላገዳቸውም፤ የተቸገርሁስ እኔ ነበርሁ።

አስቀድመን ፓንቴዎን የሚባለውን ሕንጻ አየን። የጣራው ስፋትና የቤቱ ቁመት ልክ 43 ሜትር ሆኖ ይተካከላል፤ አናቱም ክፍት ስለ ሆነ ዝናም ወደ ውስጥ ይወርዳል። እናቴ ግን ልኩን ከመስማት ይልቅ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ609 በእመቤታችንና በሰማዕታት ስም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን በነገርኋቸው ጊዜ ደስ ብሏቸው ተሳለሙ።

ከዚያም ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄድን። ፋሺስቶች በ1937 ዘርፈው ያመጡት፥ ቁመቱ 24 ሜትር የሚሆነው የአክሱም ሐውልት እስከ 2003 ድረስ በዚህ ቆሞ ነበር፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በስፍራው ተተከለ። እናቴ ወደ ሮማ የመጡት ይልቁንም ስለዚህ ነው፤ «አለመኖሩን በዓይኔ ልይ» ብለው ነበርና። ምንም ሳይናገሩ ብዙ ቆሙ። በመጨረሻም «እንግዲህ ምሳ እንብላ» አሉ።

በቀድሞው የአይሁድ ሰፈር አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት በዘይት ሁለት ጊዜ ይጠብሱታል፤ ቅጠሉም እንደ አበባ ይፈነዳል። ስፓጌቲም በቲማቲም አዘዝን፤ እንቍላል እንዳይኖርበት፥ ፎርማጆም እንዳይነሰነስበት ለአሳላፊው አስረዳሁ። እናቴ ሁለት አርቲቾክ በልተው፥ «ይህ በእኛ ደጋ ይበቅል ይሆን?» ብለህ ጠይቅልኝ አሉ። አሳላፊው ግን ነገሩን ሳያስጨርሰኝ ሦስተኛውን አመጣላቸው።