ያልተሰሙት ለማን ይናገራሉ?

ድርቅና ረሃብ በአፋችን መንትያ ሆነዋል፤ አንዱን የጠራ ሌላውን ሳይጠራ አያልፍም። በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ክፍል ግን እነዚህን መንትዮች መለየት ከሥራዎቼ ሁሉ ከባዱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የአየር ንብረትን ነገር በመጻሕፍት ላስተምር ባሰብኩ ጊዜ የደረሰኝ ምክር የባሕር ማዶ ልብ ወለዶችን እንድመርጥ ነበር፤ ውኃ የዋጣቸው ከተሞች፣ የቀለጡ የበረዶ ተራሮች። መልካም መጻሕፍት ናቸው። ህንዳዊው ደራሲ አሚታቭ ጎሽ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ቁም ነገረኛው ልብ ወለድ የአየር ንብረት ለውጥን ስለምን ሸሸው ሲል ይጠይቃል። ጥያቄውን ወደ አገሬ ሳዞረው አንድ ነገር ታየኝ፤ ልብ ወለዱ ቢሸሽ እንኳ ቃል ግጥማችን አልሸሸም።

ፈቃደ አዘዘ በ1977ቱ ረሃብ ያለፉ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎችን ቃል ግጥሞች ሰብስበው አጥንተዋል፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ዋና ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልተሰሙ ድምፆች» ነው። እዚያ ገበሬው ተረጂ ብቻ አይደለም፤ ገጣሚ ነው፤ ከፈጣሪው ጋር ሳይቀር ይሟገታል።

ከዚህ መጽሐፍ ጎን የመስፍን ወልደ ማርያምን አኖራለሁ። የመልክዓ ምድር ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1950 እስከ 1969 ዓ.ም. የነበሩትን ሃያ የረሃብ ዓመታት መርምረዋል። ፍርዳቸው ግልጽ ነው፦ ዝናብ መቅረቱ ድርቅ ነው፤ ረሃብ የሚሆነው ግን ገበሬው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው እንዳይኖረው አድርጎ የሚያራቁት ሥርዓት ሲኖር ነው።

ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ሲገናኙ ክፍሉ ጸጥ አይልም። አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «መምህር፣ አያቴ ወሎን ጥለው የመጡት በ77 ነው፤ ስለዚያ ዓመት ግን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም» አለች። ጥቂት ቆይታም፣ «ጥፋቱ የሰው ከሆነ ገበሬዎቹ ስለምን ሰማይን ይወቅሳሉ?» ስትል ጠየቀች። መልስ የሰጣት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ነበር፦ «ከሰማይ ሌላ ማን ይሰማቸው ነበር?»

ውድ አንባቢ፣ በዚያ ቀን ለማስተማር ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ቆየን። ቁጥርና ትንታኔ ረሃብ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረናል፤ ግጥሙ ደግሞ የተራበው ሰው ለማን አቤት እንዳለ። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ትንታኔውን ብቻ ያነበበ ተማሪ የአያቱን ዝምታ አይሰማም፤ ግጥሙን ብቻ ያነበበም አልቅሶ መጽሐፉን ይዘጋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሳይንሳዊ ጥናት፣ ሰው ያመጣው የምድር ሙቀት በአፍሪካ ቀንድ የታየውን ይህን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ ገደማ እንዳሳደገው ገልጿል። አርብቶ አደሩ ደግሞ ይህን ሙቀት ካመጣው ጭስ የእርሱ ድርሻ ከምንም አይቆጠርም። እንግዲህ መስፍን በረሃብ ውስጥ ያሳዩን የሰው እጅ ዛሬ በድርቁም ውስጥ አለ ማለት ነው። ገበሬው ወደ ሰማይ የላከው አቤቱታ፣ ሰማዩን ወዳሞቁት ባለ ፋብሪካዎች አድራሻውን እያሰፋ ነው።

ለዚህ ነው ለልጆቹ የቀለጠ በረዶ ታሪክ ከማንበቤ በፊት የሰሜን ሸዋውን ገበሬ የማስቀድመው። ዓለም አዲስ ብሎ የሚጠራውን ሥነ ጽሑፍ የእነርሱ አያቶች ማንም ባልጠየቃቸው ጊዜ፣ በባዶ ሆዳቸው ገጥመውታል። ይህን ያወቀ ልጅ በረሃቡ አያፍርም፤ ይጠይቃል። ምናልባትም አንድ ምሽት፣ ቡና ሲፈላ፣ አያቱን ያናግራል።