ታይዋን የተረጎመልን መኪና

ደንገጎን በፔጆ 404 የወጣ የድሬ ልጅ ጀሪካኑን አይረሳም። እኛ ቤት ጀሪካን የመሙላቱ ሥራ የእኔ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ማታ «ነገ ሐረር ነን» ካለ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ ሞልቼ የኋላ ኮፈን ውስጥ አቆማለሁ፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእሷ። እሷ የምንላት መኪናዋን ነው። የእሷ ጀሪካን ከእኛው ይበልጣል። እናቴ በዚህ ታኮርፍ ነበር።

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጠመዝማዛው የደንገጎ ዳገት መሐል ስንደርስ የሙቀቷ መርፌ ወደ ቀዩ ትጠጋለች፤ አባቴ ምንም ሳይናገር ጥግ ይይዛል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ፣ «እንዳትጠጉ!» ይለናል። የራዲያተሩ ክዳን ሲላላ ፍሽሽ ይልና እንፋሎቱ ፊቱን ይሸፍነዋል። እስክትበርድ ድረስ ዐለት ጥላ ሥር እንቀመጣለን። እናቴ በጋዜጣ የተጠቀለለውን የሙሸበክ ጣፋጭ ትፈታለች፤ ቁልቁል ስናይ ድሬ ተዘርግታ፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች አረንጓዴ፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነጭ መስመር። የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ «ውኃ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ ይህ መቆም የጉዞው ወግ ይመስለኝ ነበር። የመኪናዋ ችግር መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ጥቅምት በወንድሜ መኪና ደንገጎን ወጣን። አልቆምንም። መኪናዋ የቻይና ሥሪት፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። ከሐረር ስንመለስ ዳገቱ አናት ላይ 48 በመቶ የነበረው ባትሪ ድሬ ስንገባ 51 አለ። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጁ ሲነሳ (ነዳጅ ባይኖራትም ፔዳሉን ዛሬም «ነዳጅ» ነው የምንለው) ሞተሯ ዲናሞ ይሆንና መኪናዋን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። አባቴ በሁለተኛ ማርሽ አንቆ፣ የፍሬን ሽታ እየሸተተው ያወርደን የነበረው ቁልቁለት አሁን ይከፍለናል። እናቴ መንገዱን ሙሉ ተኝታ ነበር። ስትነቃ «ደንገጎ ደረስን?» አለች። ቤታችን በር ላይ ቆመን።

ፔጆዋን አባቴ የሚያውቃትን ያህል እኛን ያውቀን እንደ ነበር እርግጠኛ አይደለሁም። የባቡር ሠራተኛ ነበርና ፈረንሳይኛ ያነባል፤ መጽሐፏን ከነሥዕሉ በቃሉ ይዞታል። ሞተሯ 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ የተቀመጠ፣ ማርሿ ከመሪው ሥር የወጣ ነበር። ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና እንደ ነደፋት፣ በፈረንጆቹ 1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር እንዳሸነፈች ሲያወራ፣ መሪውን የያዘው እሱ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለች መኪና ደንገጎ ላይ ለምን እንደምትፈላ ግን ጠይቀነው አናውቅም። ባትሪዋ ሲደክም ከፊቷ ባለው ቀዳዳ ማኖቬላ ይከታል። ማዞሩን ያስተማረኝ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። «አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጋር ወደ አንድ ወገን አድርግ፤ ከመለሰች ትሰብርሃለች» አለኝ። መጀመሪያ ያስነሳኋት ቀን ሰፈሩ አጨብጭቦልኛል።

የወንድሜ መኪና አንድ ጠዋት በሯን አልከፍትም አለች። ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሞልቷል። የሞተችው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት፤ በሩን፣ ስክሪኑንና የመኪናዋን አእምሮ የምትቀሰቅሰው እሷ ነበረች። ምግብ የሞላ ጎተራ ቁልፍ ሲጠፋበት ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞርናት። በመጨረሻ ሪሞቷ ውስጥ የተደበቀች ተራ የብረት ቁልፍ እንዳለች ያወቅነው አንድ የዮርዳኖስ ሰው በለቀቀው ቪዲዮ ነው፤ ዐረብኛውን የተረጎመችልን ጎረቤታችን ናት። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ስታየን ቆየችና፣

«ማኖቬላ የላትም?» አለች።

ሰፈሩ አላጨበጨበም። ግማሹ ቪዲዮ ይቀርጸን ነበር።

የፔጆዋ ባለቤት ማን ነው ብትሉኝ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አባቴ የገዛት ወደ ጅቡቲ ከተዛወረ የባቡር ባልደረባው ነው። ውሉ በእጅ የተጻፈ፣ ሦስት ምስክር የፈረመበት አንድ ገጽ ነበር። ስመ ንብረት የማዛወሩ ጉዳይ «ሰውየው ሲመጣ» ተብሎ ተቀጠረ፤ ሰውየውም አልመጣ። በየዓመቱ ቦሎ ሲደርስ አባቴ ሊብሬውንና ውክልናውን አጣጥፎ ይሄዳል፣ በሌላ ሰው መኪና ላይ ቦሎ ለጥፎ ይመለሳል። ይህን የሚያህል የወረቀት ጉድለት ማንንም እንቅልፍ ነስቶ አያውቅም። የእኛ መሆኗን ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን የማያውቅ አልነበረምና። ሙሽራ ሲኖር ትሄዳለች፤ ምጥ ሲኖር ሌሊትም ትነሳለች፤ ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ከእኛ ይልቅ ጎረቤት ይቀመጥባታል። እውነቱን ለመናገር አባቴ በዚህ ይማረር ነበር። ነዳጁን የሚሞላ አልነበረማ።

የወንድሜ ወረቀት እንከን የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2014 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቫትና ከኤክሳይዝ ነፃ ሆኑ፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንዳይገባ መከልከሉን ተናገረ። እንዲህ ያለ እርምጃ በዓለም የመጀመሪያው ነው ተባለልን። ጄነሬተር ከሱቁ በር የማያርቅ ሕዝብ ሁሉን ቀድሞ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መግባቱ፣ ሌላው ቢቀር ያስፈግጋል። ወንድሜም ቀረጡን ከፈለ፣ ሊብሬው በስሙ ወጣ። የስልኩ መተግበሪያ ግን አያውቀውም። መኪናዋ ወደኛ ከመምጣቷ በፊት ቻይና ውስጥ በአንድ ሰው ስም ተመዝግባ፣ ሳትነዳ «ያገለገለች» ተብላ የተላከች ናት፤ እዚያ አገር የታወቀ የንግድ ዘዴ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ከሩቅ ሊቆልፋት፣ ባትሪዋን ሊያይ ሲሞክር የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ አንድ ቻይናዊ ስልክ ነው። የሰውየውን ስም አናውቅም። እሱም የእኛን አያውቅም፤ መኪናዋ ድሬ እንዳለች ግን ከፈለገ ሳያይ አይቀርም።

አሁን ወደ ታይዋን እንግባ፤ ወደ እኛዋ ታይዋን፣ ወደ ድሬው ገበያ። ልጅ ሳለን የዓለም ዕቃ ሁሉ የሚሠራው እዚያ ይመስለን ነበር። ራዲዮ ከዚያ፣ የእጅ ሰዓት ከዚያ፣ ጂንስ ከዚያ። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ የወረደው ዕቃ በምን መንገድ እዚያ እንደሚደርስ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም፤ ትልልቆቹም አይጠይቁም። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁለት ሱሪና ሦስት ሸሚዝ ደራርቦ፣ በዚያ ሙቀት ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ኬላውን ሊያልፍ አውቶቡስ ሲሳፈር ስናይ እንስቅ ነበር። ለፔጆዋ ቴፕ የገዛነው እዚያ ነው። ሻጩ ወጣት ነበር፣ አባቴ ደግሞ ሽበት የጀመረው፤ ግን ድሬ ነውና «አንተ» ይለዋል። «አቦ አንተ፣ ወላሂ ለራሴ የገባበት ነው!» ሦስት ጊዜ ወጥተን ሦስት ጊዜ ተጠራን። ደረሰኝ የሚባል ቃል አልተነሳም። ዋስትናው ሰውየው ነገም እዚያው ቁጭ ማለቱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የኔ ዘመን ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ የጃፓን ቪትዝ ገዛሁ። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር አንዲት ሴት በጃፓንኛ ለስላሳ ነገር ትለኛለች። ሰላምታ መስሎኝ ለወራት «እግዚአብሔር ይመስገን» ስላት ኖርኩ። ኋላ ቋንቋውን የሚያውቅ እንግዳ ሲሳፈር፣ የመንገድ ክፍያ ካርድ አላስገባህም እያለችኝ እንደ ነበር ነገረኝ። ሬዲዮውም አንድ ነገር ይጎድለዋል። የጃፓን ኤፍ ኤም የሚጀምረው ከ76፣ የሚያልቀው 90 ላይ ነበር፤ የድሬው ኤፍ ኤም ያለው 106.1 ላይ። ታይዋን ሄድኩ። ልጁ ከጣት ብዙም የማትበልጥ ዕቃ ከአንቴናው ገመድ ላይ ቀጠለና «ከእንግዲህ ሃያ እየቀነስክ ፈልግ» አለኝ። ድሬን 86.1 ላይ አገኘኋት። ያቺን መኪና እስክሸጥ ድረስ የከተማዬን ሬዲዮ በመቀነስ ነው የሰማሁት።

የዛሬዋ ታይዋን ጸጥ ያለች ናት ማለት አልችልም፤ የስልክ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያ አያስችልም። ወንድሜ መኪናዋን ይዞ የሄደው ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ስለነበረ ነው። ማቀዝቀዣውን ለማብራት ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ያስተረጉማል፣ ከዚያ ይነካል። በድሬ ሙቀት እስከዚያ ድረስ ሸሚዝ ይርሳል። ላፕቶፕ የያዘ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ገመድ ሰክቶ ግማሽ ቀን ታገላት። እጁ ላይ ቅባት የለም። እኛ ያደግንባቸው ሜካኒኮች ካንዴላ፣ ባሊስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን እያሉ በጣሊያንኛ ያወሩ ነበር፤ ይህኛው «ፍላሽ ላድርጋት» ይላል። ልብ ብዬ ሳየው መኪና የኛን ቋንቋ የተናገረችበት ዘመን የለም። ልዩነቱ የድሮዎቹን ቃላት አላምጠን መዋጣችን ነው፤ የፔጆዋም መጽሐፍ ቢሆን ያለ አባቴ ማንም አያነበውም ነበር።

ልጁ ሲጨርስ መኪናዋ ግማሽ እንግሊዝኛ፣ ግማሽ ቻይንኛ ሆና ወጣች። የድምፅ ረዳቷን ግን መቀየር አልቻለም፤ የምትሰማው ቻይንኛ ብቻ ነው። የወንድሜ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ፣ ከስልክ ላይ አጥንታ «ዳካይ ኮንግትያው» ስትል ማቀዝቀዣው ይበራል። አሁን እናቴም ትላለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ ከገባች በኋላ፣ «ዳካይ ኮንግትያው!» ስትል መኪናዋ ትታዘዛታለች። ፔጆዋን አንድም ቀን አዝዛ አታውቅም። መስኮቷን ለመክፈት እንኳ ከአባቴ ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፣ አቧራ ይገባል ይላታልና።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር አለ። ቻርጀሩን መጀመሪያ ቤት ስንሰካው ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳውን ፈትሾ «ቤታችሁ ግራውንድ የለውም» አለን። ከተሠራ አርባ ዓመት ያለፈው ቤት ነው፤ አባቴ ያሠራው። ጓሮ ተቆፍሮ የመዳብ ዘንግ ከጨውና ከከሰል ጋር ተቀበረ። ቻርጀሩ ሠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባዶ እግራችን ስንነካው ይነዝረን የነበረው ፍሪጅም ተወን። በቤቱ ፍሪጅ ስንነዘር አድገናል፤ የፍሪጅ ጠባይ ነው ብለን።

ነዳጅ ማደያ ወረፋ ላይ የምናባክነው ሰዓት ቀርቷል። በምትኩ መብራት በጠፋ ማታ ወንድሜ በየሩብ ሰዓቱ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ የጎረቤት አምፖል በርቶ እንደሆነ ለማየት። ሌሊት ለምጥ የሚያንኳኳ የለም፣ ባጃጅ አለ። መኪናዋን የተዋሰ ጎረቤትም እስካሁን የለም። አንዱ ጠይቆ ነበር፤ ገብቶ ተቀመጠ፣ ስክሪኑን አየ፣ አመስግኖ ወረደ።

አባቴ ይህችን መኪና አላያትም። ፔጆዋ ከእሱ ሞት በኋላ በቁራጭ ብረት ዋጋ ሄደች፤ ማኖቬላው ብቻ ቀርቶ የግቢያችንን በር ንፋስ እንዳይዘጋው ይይዛል። ሊብሬው እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ወንድሜ የአዲሷንም እዚያው አስቀመጠው፤ ሁለቱ አንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው። በአዲሱ ላይ የወንድሜ ስም አለ። በአሮጌው ላይ ያለው ዛሬም ጅቡቲ የሄደው ሰውዬ ስም ነው።